የጣውንቴ ዓይኖች

ጣውንት የመጣባት ሴት በባሏ ትቀናለች ይባላል። እኔ በዓይኗ ቀናሁ። ባሌንማ ገና እሷ ሳትመጣ በልቤ አካፍዬ ጨርሻለሁ። አባቴ ሁለት ሚስት ነበረው፣ አያቴ ሦስት፤ ነገሩ አገር ያወቀው ነው። በሰው ዓይን እንዴት እንደሚቀናና እንዴት እንደሚታገሡት ግን ማንም አልነገረኝም።

ከአምባሰል በኩል ነው ያመጣት። በበቅሎ መጥታ ደጄ ላይ ስትወርድ ሻርፗን ከፊቷ ገለጥ አደረገችና ቀና ብላ አየችኝ። የዓይኗ ነጭ ንጣቱ እንደ አዲስ ወተት፤ ጥቁሩ እርጥብ፣ ሐይቁ ዝናብ ሲያረግዝ እንደሚጠቁረው። የኔ ዓይን በዚያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት በዓይናር ተጣብቆ ያድር ነበር። ጣቴን በምራቅ አርሼ ነው የምከፍተው። ፀሐይ ስትወጣ ያለቅሳል፣ ጭስ ሲያየው ያለቅሳል፣ ነፋስ ሲነካው ያለቅሳል። ሰው ሲያየኝ ሐዘን ላይ ያለሁ ይመስለው ነበር። ያን ቀን ጎረቤቶቹ «ያቺ ደግሞ ከአሁኑ ማልቀስ ጀመረች» አሉ። ወላሂ፣ አላለቀስኩም። ዓይኔ ነው።

ቤታችን ሐይቁን ቁልቁል በሚያየው ዳገት ላይ ነበር፤ የኔ ከላይ፣ የእሷ ከታች። ባላችን ስማችንን አይጠራም፤ እኔን «ላይ ቤት»፣ እሷን «ታች ቤት» ነበር የሚለን። እኔም በልቤ ታች ቤት እላታለሁ፣ ፊት ለፊት ግን «አንቺ ልጅ» ነበር። እሷ «እቴቴ» ትለኛለች። ለታላቅ እህት የሚባለውን ያህል አክብራ ስትጠራኝ እንኳ ደስ አይለኝም ነበር።

ሁለታችንም ስፌት ሰፊዎች ነን። ሙዳይ፣ ሰፌድ፣ ትንንሽ መሶብ እንሰፋለን፤ አክርማውን ሣር ሰንጥቀን፣ ለጥለት የሚሆነውን አለላ ቀይና አረንጓዴ ነክረን። ስፌት የጣት ሥራ ይመስላል እንጂ የዓይን ሥራ ነው። ወስፌው የት እንደሚገባ ዓይን ካልነገረው ጣት ዕውር ነው።

ታች ቤት የምትሰፋው ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር፤ በረንዳዋ ላይ፣ ብርሃኑን ከትከሻዋ በኩል አድርጋ። ጥቂት ትሰፋና እጇን ታቆማለች። ቀና ብላ ሐይቁን ታያለች፣ ማዶ ገዳሙ ያለበትን ደን ታያለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። እኔ ከላይ ሆኜ እቆጥራታለሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሥራዋን ጠቅልላ ሙዳዩን ትከድናለች። እኔ ደግሞ ቀኑን ገበያ ለገበያ ስዞር እውልና ማታ ኩራዝ ለኩሼ፣ አፍንጫዬ ጭስ እስኪሞላ አጎንብሼ እሰፋለሁ።

«ምን ታያለሽ እዚያ ማዶ? ባልሽ በታንኳ ይመጣል እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ዓይኔን አሳርፋለሁ እቴቴ። እግርሽስ ዳገት ስትወጪ አታሳርፊውም?»

«ዓይን ደግሞ ምን ተሸክሞ ይደክመዋል?»

ሳቀች። «አለላ ነዋ። አለላ አይከብድም ብለሽ ነው?»

ሰነፍ ናት አልኩ። ለጎረቤቶቼም እንደዚያው አወራሁ። ሌላም አወራሁ። ምክንያቱም ያቺ ልጅ ነገሯ ሁሉ ለብቻ ነበር። ፊት መጥረጊያዋ ለብቻ፤ ከአቡጀዴ የቀደደቻት ቁራጭ፣ ታጥባ በር ላይ ተሰጥታ የምትውል። የኩል ብልቃጧ ለብቻ፣ ከወይራ የተቀረጸች መኳያዋ ለብቻ። በእኛ አገር አንድ መኳያ ለሰፈር ሴት ሁሉ ይበቃል። ሠርግ ሲኖር፣ ዒድ ሲደርስ፣ አንዷ ቁጭ ትልና ሌሎቹ ይሰለፋሉ፤ ከአንዷ ዓይን ወጥታ ወደ ሌላዋ ትገባለች፤ ፍቅራችን ነው ብለን። ታች ቤት ተራዋ ሲደርስ «እኔ ተኩያለሁ» ትላለች። «ትጸየፈናለች» አልናቸው ለማያውቋት ሁሉ። እኔ ከሁሉም አብልጬ።

ውዱእስ እኔም አደርግ ነበር። በቀን አምስት ጊዜ ፊቴ ውኃ ያገኛል። ነገር ግን ውኃው ከሐይቅ በጀርባ ነው የሚወጣው፤ ቆጥቤ እረጨውና በቀሚሴ ጫፍ እጠርገዋለሁ። ያ የቀሚስ ጫፍ የልጄን አፍንጫ የጠረግሁበት፣ ድስት ያወረድኩበት፣ ዝንብ ያባረርኩበት ነው። ታች ቤት ፊቷን በሳሙና አጥባ፣ አለቅልቃ፣ በዚያች አቡጀዴ ነው የምትዳብሰው። አራት ዓመት የሆናት ልጄ ይህን ስታይ ጠዋት እየሮጠች ቁልቁል ትወርድ ጀመር። ፊቷን ታች ቤት ታጥብላታለች፣ ለእሷም ትንሽ ጨርቅ ቀድዳላታለች። ልጄ ዓይኗ ጠርቶ፣ ፊቷ አብርቶ ዳገቱን ስትወጣ ሳይ እንደ እናት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። «ውኃ እኛ ቤትም አለ» አልኳት።

«የእሷ አያቃጥልም» አለችኝ።

ጎመን እንኳ ስትበላ በቅናት ታነድደኝ ነበር። ከጓሮዋ ትቀነጥሳለች፣ ዱባ ትቀቅላለች፣ እንቁላል ሲገኝ አትሸጥም፣ ትበላለች፤ ለልጄም ትሰጣለች። እናቷ በዳፍንት ነበር የተሠቃየችው፤ ጀንበር ስትጠልቅ ግድግዳ እየዳበሰች የምትሄድ። ታች ቤት ይህን፣ ጎመንና እንቁላል ለዓይን እንደሚበጅም፣ የነገረችኝ ከዓመታት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ሞልቃቃ ትመስለኝ ነበር።

መስከረም ላይ፣ ግሸን ማርያም በምትነግሥበት ሰሞን፣ እንደ ልማዴ ስፌት ተሸክሜ ወደዚያ ሄድኩ። እኔ እስላም ነኝ፤ ነገር ግን እግሬ ቤት መቀመጥ አይወድም፣ ተሳላሚውም ሙዳይ ይወዳል። የእሷንም ሥራ አብሬ ይዤ ነበር፤ ሁለታችንን የሚያዞር እግር የኔ ብቻ ስለሆነ። ከአውቶቡስ የወረደው ሕዝብ ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት መንገድ ዳር ዘርግቼ ተቀመጥኩ። አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ሁለት ሙዳይ አንስተው አስተያዩ። አንዱን መለሱት።

«ይህ ጥለቱ ተዛንፏል ልጄ። ቀዩ አረንጓዴው ውስጥ ገብቷል። ይቺን ስጪኝ፣ እንደ ዝናር የገጠመችውን።»

የተዛነፈው የኔ ነበር። የገጠመው የታች ቤት።

ሴትዮዋ ዓይኔን አዩና አዘኑልኝ። ተሳልመው ሲመለሱም፣ በትንሽ ጀሪካን ካመጡት ጠበል ቀድተው «ታጠቢበት፣ እመቤቴ ለሁሉም ናት» አሉኝ። ታጠብኩ። እኛ ወሎ ላይ የሰው ጸሎት አንመልስም። ዓይኔ ለአፍታ ጥርት አለልኝ፣ ተራራው ራሱ ቀረብ ያለ መሰለኝ። ከዚያ ምን አደረግሁ? በዚያው የመንገድ አቧራ በጠጣ ሻርፔ ጠረግሁት። ማታ ተመልሶ አበጠ። ጠበሉን አላማሁም። ሻርፔንም አልጠረጠርኩም። የታች ቤት ሥራ ሁሉ ተሸጦ የኔ አራት ሙዳይ ተመልሶ መምጣቱን ብቻ ይዤ ተመለስኩ።

እንዲህ ሳለን ባላችን ሥራ ፍለጋ ወደ አሰብ ወረደ፤ ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከማል ተባለ። በዚያው ዓመት መሠረተ ትምህርት መጣ። የገበሬ ማኅበሩ ቀሪ የለም አለ፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሁላችን ሾላው ሥር ተሰበሰብን። ከደሴ የመጣ ወጣት አስተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ግንዱ ላይ ሰቀለ። እሱ ይላል፣ እኛ እንላለን። በጆሮዬ ሁሉንም ያዝኩ፤ ከሀ እስከ ፐ ስልችት ሳልል እወርደዋለሁ። ሰሌዳው ላይ ግን ነጭ ነጭ ነገር ይንቀጠቀጣል፣ ይቀልጣል፣ በእንባዬ ይታጠባል።

«እህቴ፣ ይቺ ማን ናት?» ይለኛል አስተማሪው።

«ንገረኝና ልንገርህ» እለዋለሁ። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ታች ቤት በመጀመሪያው ዙር ምስክር ወረቀት ተቀበለች። እኔ ወደ ሁለተኛው ዙር ተዛወርኩ።

የባላችን ደብዳቤ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከደሴ ገበያ በመጣ ሰው እጅ። ታች ቤት በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ አነበበችልኝ። «ለላይ ቤትና ለታች ቤት፣ ለጤናችሁ እንደምን ናችሁ፣ እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ።» ከዚያ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ በሬያችን ደኅንነት፣ ስለ ልጅቷ። እሷ ወረቀቱን ታያለች፣ እኔ አፏን አያለሁ። ጥቂት ታነብና ዝም ትላለች። ለምን ዝም አለች? ምን ዘለለች? የባሌን ቃል ከጣውንቴ አፍ ስቀበል ሰው ያኘከውን እንደ መጉረስ ሆነብኝ። ስንተኛው መስመር ላይ ፈገግ እንዳለች እንኳ አስታውሳለሁ፤ ጣቷ ከታች አራተኛው ላይ ነበር።

«ምን ይላል እሱ ጋ?»

«የለም፣ ጽሕፈቱ አስቆኝ ነው። አህያ የረገጠው ይመስላል።»

አላመንኳትም። ያን ቀን ወሰንኩ። ቀጣዩን ደብዳቤ በገዛ ዓይኔ አነባለሁ። ለዚያ ደግሞ የእሷን ዓይን የመሰለ ዓይን ያስፈልገኛል። እሷስ ዓይኗን ከየት አመጣችው? ሳጤነው፣ ሳወጣ ሳወርደው፣ መልሱ አንድ ብቻ ሆነብኝ። ኩሏ ነው። ማንም እንዳይነካት የምታደርገው ለምንድን ነው? ምስጢሩ እዚያ ውስጥ ቢሆን ነዋ። የአምባሰል ሰው መድኃኒት ያውቃል፣ ከእናቷ ያመጣችው አንዳች ነገር አለ አልኩ። ሳሙናውን፣ ጨርቁን፣ እረፍቱን በዓይኔ በብረቱ እያየሁ አንዱንም አልቆጠርኩትም። ሰው ሲቀና የሚታየውን ትቶ የተደበቀውን ይፈልጋል።

አንድ ሐሙስ ውኃ ልትቀዳ ወደ ሐይቁ ስትወርድ ቤቷ ገባሁ። ብልቃጧ ከመስኮቱ ሥር ነበረች። መኳያዋን አወጣሁ፣ ቀኙን ሳብኩ፣ ግራውን ሳብኩ። ቀዘቀዘኝ። ለጁምዓም ደገምኩ፣ በማግስቱም እንዲሁ። ሦስት ቀን። ሦስቱንም ቀን ያበጠ፣ ዓይናር ያዘለ ዓይኔን የነካችውን መኳያ መልሼ ብልቃጧ ውስጥ ከተትኩ።

የኔ ዓይን ምንም አልሆነም፤ ድሮም የሆነውን ሆኖ ቀረ። በሳምንቱ ታች ቤት ጠዋት ከቤቷ ሳትወጣ ቀረች። ልጄ እየሮጠች መጣች። «በሯን ዘግታለች፣ ብርሃን አታስገቡ ትላለች።»

ወርጄ አየኋት። ሻርፗን ፊቷ ላይ ጥላ ተኝታለች። ስትገልጠው፣ ያ ወተት የመሰለው ነጭ በርበሬ ሆኗል። ሽፋኑ ተነፍቶ ጥቁሩ አይታይም። እኔ ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ መስታወት ባየሁ ቁጥር የማየው ነው። እውነቱን ልናገር። ከድንጋጤው ቀድማ አንዲት ትንሽ ነገር ደረቴ ውስጥ ደስ ብሏት ተነሣች። አሁን እኩል ሆንን አለች። ያቺን ነገር እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። ከኋላዋ ድንጋጤው መጣ። ዕውር ብትሆንስ? የሠራሁት እኔ ነኝ።

«አብሽሪ» አልኳት። «ያልፋል።»

«አሸዋ ያለበት ይመስለኛል እቴቴ። አሸዋ የሞላበት።»

በዚያው ሳምንት ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። ያመጣው ሰው «ለታች ቤት ስጪ፣ እሷ ታነባለች» ብሎ ሰጠኝ። ሁለት ሴቶች፣ አንድ ደብዳቤ፣ አራት የታመመ ዓይን። አስተማሪው ያንብብልን አልኩ።

«አይሆንም» አለች ከሻርፗ ሥር። «የቤታችን ነገር በሰው አፍ አይዞርም። እንድናለን፣ እናነበዋለን።»

«ባንድንስ?»

በእጇ ዳብሳ ሙዳይ ወደኔ ገፋች። ደብዳቤውን ውስጡ ከተን ከደንነው።

በማግስቱ እጇን ይዤ ወደ ሐይቅ ከተማ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሻርፗን እስከ አገጯ ስባ፣ በኔ ክንድ ላይ ተደግፋ፤ እኔም በእንባዬ ውስጥ መንገዱን እየገመትኩ። ሰዎች ሲያዩን ሁለት ዕውሮች ይመራራሉ ብለው ይሆናል። መንገድ ላይ «እቴቴ፣ ድንጋይ ሲኖር ንገሪኝ» አለችኝ። «እኔም ሲነካኝ ነው የማውቀው» አልኳት። ቆመን ሳቅን። ከመጣች ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያ ቀናችን ነው መሰለኝ።

ድሬሰሩ፣ የጤና ጣቢያው ሐኪም፣ ሸምገል ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። እጁን ታጥቦ የሁለታችንንም ሽፋን ገልብጦ አየ።

«ያንቺ የቆየ ነው» አለኝ። «ፊትሽን በምን ትጠርጊያለሽ?»

የቀሚሴን ጫፍ አሳየሁት።

«ተዪው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ጨርቅ፤ በየቀኑ የሚታጠብ። ፊት ጠዋትና ማታ በሳሙና። ዓይንን በእጅ ማሸት የለም። እበቱን ከደጃፍ አርቁ፣ ዝንቡ አብሮ ይርቃል። ጭሱ እንዲወጣ ማብሰያው ጋ መስኮት ክፈቱ። ስፌት ትሰፊያለሽ? በቀን ስፊ፤ በየመሐሉ ቀና ብለሽ ሩቅ እዪ።»

የሚናገረው ሁሉ የታች ቤት ሥራ ነው። ሐኪሙ እንኳ ለእሷ አዳላ ብዬ በዚያች ሰዓት ሳይቀር ቀናሁ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«ያንቺ አዲስ ነው። ከሰው የተጋባ ነው። ኩል ትኳያለሽ? መኳያሽን ሌላ ሰው ነክቶታል?»

ታች ቤት ዓይኗን ሳትከፍት፣ «እኛ አንዋዋስም» አለች።

እኔ አፌን አልከፈትኩም። መክፈት ነበረብኝ፣ አልከፈትኩም።

ለያንዳንዳችን ቅባት ሰጠን። የአንዷን አንዷ እንዳትነካ፤ ጠዋትና ማታ፣ ስድስት ሳምንት፣ ተሻለኝ ብላችሁ እንዳታቋርጡ አለን።

ያን ስድስት ሳምንት ገበያ አልዞርኩም። እግሬ ተበሳጨ፣ እኔ ግን ቁጭ አልኩ። እሷን የምቀባ እኔ፣ እኔን የምትቀባ እሷ፤ በዳሰሳ። «እጅሽን ታጠብሽ?» ትለኛለች ሁልጊዜ። «ታጠብኩ።» «በሳሙና?» «አንቺ ልጅ፣ ቃዲ ነሽ እንዴ?» «በሳሙና ወይ ነው ያልኩሽ።» ተመልሼ እታጠባለሁ። ለራሴ አቡጀዴ ቀደድኩ። በጎጆዬ ግድግዳ ላይ መስኮት አስበሳሁ። እበቱን ወደ ጓሮ ጥግ አራቅሁ። ሠርተው ሲያዩት ሁሉም ቀላል ነበር። ያሳፈረኝም ቀላልነቱ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ዓይኔን ምራቅ ሳልቀባ ከፈትኩት። በሩ ላይ የቆመችው ዶሮ ላባዋ አንድ በአንድ ታየኝ። ወደ ውጭ ወጣሁና ሐይቁን አየሁ፤ የታንኳ መቅዘፊያ ሲነሣና ሲወርድ። ከማዶ ያሉት ዛፎች እስከዚያን ቀን ለኔ አንድ ጥቁር ነገር ነበሩ። ለካ ቅርንጫፍ አላቸው።

የታች ቤት ዓይን ግን ዘገየ። ብርሃን አሁንም ያቃጥላታል። በአራተኛው ሳምንት ትዕግሥቷ አለቀ።

«እቴቴ፣ ደብዳቤውን አምጪው።»

«ማን ያነበዋል?»

«አንቺ ታያለሽ፣ እኔ እነግርሻለሁ።»

ሙዳዩን ከፈትነው። እሷ አቡጀዴዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ተደገፈች፣ እኔ በር ላይ ብርሃኑን በትከሻዬ አድርጌ ተቀመጥኩ። ፊደሎቹ አልቀለጡም። ቆመው ጠበቁኝ። መልካቸውን ማየት ችያለሁ፣ ስማቸውን ከመልካቸው ጋር ማገናኘት ነው የቀረኝ።

«እንደ በር የቆመች፣ ሁለት እግር ያላት።»

«በ ናት።»

«ምሰሶ ናት፣ መሐሏ ላይ ቀለበት ታስሮላታል።»

«ቀ።»

«ይቺ ደግሞ እንደ ተመሳቀለ እንጨት ናት።»

«ተ ናት። በይ፣ ቀጥይ።»

እንዲህ እየተባባልን፣ የእሷ ዕውቀት በኔ ዓይን እየሄደ፣ «ለጤናችሁ» ላይ ስንደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘነበለች። በማግስቱ ቀጠልን። በሦስተኛው ቀን ሳልጠይቃት የማውቃቸው በዙ። ቃሉ እየቀደመኝ መጣ። «ዝናቡ እንዴት ነው? የላይ ቤት ዓይን ተሻላት?» የሚለውን ለብቻዬ አነበብኩ። ስለኔ ነው! ባሌ ስለ ዓይኔ ጠይቋል። ደግሜ አነበብኩት።

«እዪ፣ አነበብሽ» አለች ታች ቤት፤ ከልቧ ደስ ብሏት።

ቀጣዩን መስመር በልቤ አየሁት። እንዲህ ይላል፦ «ለታች ቤት፤ እዚህ ባሕሩ ላይ ጎሕ ሲቀድ ዓይንሽ ትዝ ይለኛል።»

ዓይኗ። ያንን ዓይን። አሁን አቡጀዴ ሥር ያበጠውን፣ እኔ ያበላሸሁትን።

የኔን ዓይን ተሻላት ወይ ብሎ ጠየቀ፣ በሬው ደኅና ነው ወይ እንደሚለው። የእሷን ግን በጎሕ አመሳሰለው። ከዚያ በታች «ልጅቷን ሳሙልኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም» አለ። የእሷን መስመር ዘለልኩና እሱን አነበብኩ።

«ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው።»

«እሺ» አለች። ወረቀቱን አጥፌ ሙዳዩ ውስጥ መለስኩት። ያን ዕለት ቅባቷን ስቀባት እጄ በሳሙና የታጠበ ቢሆንም ንጹሕ አልመስል አለኝ።

ስድስቱ ሳምንት ሲሞላ ታች ቤት በረንዳዋ ላይ ወጣች። ዓይኗ ተመለሰ፤ ወተቱም፣ ጥቁሩም። ከላይ ሆኜ አየኋት፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት። ከጎኗ ሙዳዩ ተከፍቷል። ወረቀቱ እጇ ላይ ነው።

«እቴቴ፣ ነይ እስቲ።»

ወረድኩ። ቅባቷን ከኪሷ አወጣች።

«ቁጭ በይ። ዓይንሽ ገና አልዳነም።»

«ድኗል። ዶሮ በላባ ላባዋ አያለሁ።»

«አልዳነም። አንዲት ሙሉ መስመር አላየሽም። ከታች ሁለተኛዋን። ቀና በይ ልቀባሽ።»

ቀና አልኩ። ምን ላድርግ? ቅባቱ ገና ሳይነካኝ ዓይኔ በሠራሁት ሥራ ማልቀስ ጀመረ።

«ኩልሽንም የነካሁ እኔ ነኝ» አልኩ። «ሦስት ቀን። ያሳመምኩሽ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ሹል ጫፏን ወደ ላይ አድርገሽ ከተትሻት። እኔ ወደ ታች ነው የማደርጋት። አይ፣ የልጅቷን ዓይን ልትኳይላት ወስደሽ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። መኳያዋን ስላላጠብኳት ጥፋቱ የኔም ነው።»

«ሐኪሙ ሲጠይቅሽስ?»

«ሰው ፊት ምን ልበል? ጣውንቴ ቀንታ አሳወረችኝ ልበል?» ሳቅ እያለች ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። «በይ አሁን አንብቢልኝ።»

«ራስሽ አንብበሽው የለ?»

«ካንቺ አፍ ልስማት። ያን ጊዜ ነው ድነሻል የምልሽ።»

አነበብኩላት። «ለታች ቤት» ብዬ ጀመርኩ፤ ቀስ ብዬ፣ አንድም ፊደል ሳልውጥ፣ እስከ ጎሑ ድረስ። እሷ እንደ ልማዷ ማዶውን እያየች ሰማች። ጨርሼ ቀና ስል ፈገግ ብላለች፤ ያን ፊት ባለፈው ደብዳቤ ላይም አይቼዋለሁ። «ከታች አራተኛው መስመር ላይ ያሳቀሽስ?» አልኳት። የድሮውን ደብዳቤ አውጥታ ሰጠችኝ። ጽሕፈቱ በእውነት አህያ የረገጠው ይመስል ነበር።

በቀጣዩ ገበያ ለኔ አንዲት መኳያ ይዛ መጣች፤ ከወይራ የተቀረጸች፣ የእሷን የምታህል።

«ይቺ ያንቺ ናት» አለችኝ። «ከእንግዲህም በኔ ትቀኚ ይሆናል። በመኳያዬ ግን አትቀኚም።»

ቅናቱ ለቀቀኝ ብል እዋሻለሁ። ባላችን ከሞተ ዓመታት አለፉ፣ ልጃችንም (ልጃችን ነው የምላት) የልጅ ልጅ አድርሳልኛለች፤ እነሱንም ፊታቸውን ሳይታጠቡ ደጄን አላስረግጣቸውም። ታች ቤት ዛሬም ዳገቱ ሥር አለች። እኔ ይህን የምጽፈው በመነጽር ነው፣ አንድ ገጽ በሞላሁ ቁጥር ቀና ብዬ ሐይቁን እያየሁ። እሷ በዚህ ዕድሜዋ ያለ መነጽር ቁርኣን ትቀራለች፣ ወስፌውንም ሳትዳብስ ታስገባለች። ከላይ ሆኜ አያታለሁ፤ ያቺ የድሮዋ ነገር ደረቴ ውስጥ አንዴ ትነሣና ተመልሳ ትቀመጣለች።

ስጨርስ ወረቀቱን ይዤላት እወርዳለሁ። ታነበዋለች። የዘለልኳት መስመር ካለች ትነግረኛለች።